ዳኞቹ በቃሽ እያሉኝ ይሆን?

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ዕድሜዬ 46 ነው። ከአዲስ አበባ ስመጣ በረዶ ላይ መቆም እንኳ አልችልም ነበር። ልጄን ወደ ስኬቲንግ ትምህርት ሳመላልስ እኔም ጫማ አጥልቄ ገባሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ይኸው ከ15 ዓመት በላይ በአዋቂዎች ምድብ ፊገር ስኬቲንግ እወዳደራለሁ። ዳኞች ጠቅላላ ሥራውን አይተው ከ6.0 በሚሰጡበት በድሮው አሰጣጥ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አልወጣም ነበር። አሁን ግን የእኔም ምድብ ወደ አዲሱ አሰጣጥ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ውድድር ገብቼ በሁለቱም ከሰባት ስድስተኛ ሆንኩ። ያሸነፉኝ ከእኔ ብዙ ዓመት ዘግይተው የጀመሩ ናቸው።

አሰልጣኜ በጣም የምወደውን ስፓይራል፣ አንድ እግሬን ወደ ኋላ ከፍ አድርጌ በሌላው የምንሸራተትበትን፣ «ነጥብ የለውም፣ እናውጣው» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ይብቃሽ፣ ጉልበትሽንም አስቢ» ይለኛል። ጀርመን አገር ኦበርስትዶርፍ ለሚደረገው የአዋቂዎች ውድድር ገንዘብ ሳጠራቅም ነበር። እሱንም ልተወው? ዳኞቹ በቃሽ እያሉኝ ይሆን? የነጥብ ወረቀቴንና ቪዲዮዬን ልኬያለሁ።

መልስ

ውድ እህቴ፣

ወረቀትሽን መስመር በመስመር አየሁት፤ ከቪዲዮው ጋርም አስተያየሁት። ስለዚህ መልሱን ሳላጓትት ልንገርሽ። ዳኞቹ በቃሽ አላሉሽም።

እስቲ ወረቀቱን ከታች ጀምረሽ አንብቢው። ከታች ያሉት ሦስት መስመሮች የፕሮግራሙ ቅንብር፣ አቀራረብና የስኬቲንግ ክህሎት ናቸው። እነሱን ከ10 የሚሰጡት ዳኞቹ ራሳቸው ናቸው። እዚያ ላይ ከሰባታችሁ ሦስተኛ ነሽ! ወደ ስድስተኛ ያወረደሽ ከላይ ያለው የዝላይና የሽክርክሪት ሰንጠረዥ ነው። ዝላይሽ ሙሉ ነው ወይስ ጎደሎ፣ ሽክርክሪትሽ ስንተኛ ደረጃ ነው የሚለውን ደግሞ ዳኞቹ አይወስኑም። ቴክኒካል ፓነል የሚባሉ ሌሎች ባለሙያዎች አሉ፤ ቪዲዮ እየመለሱ በዝግታ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ዳኛው ከዚያ በኋላ ጥራቱን ብቻ ነው የሚመዝነው። ስለ ዕድሜሽ የሚጠይቅ መስመር እዚያ ወረቀት ላይ የለም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ፕሮግራምሽ የተሠራው ለድሮው ሚዛን ነው። አሁን የምትመዘኝው በሌላ ሚዛን ነው። አንድ ዓመት ስጪው፤ ለአዲሱ አሰጣጥ ተብሎ በተሠራ ፕሮግራም አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተወዳደሪ። ከዚያ በኋላ ማቆም ከፈለግሽ ውሳኔው ያንቺ ይሆናል። አሁን ብታቆሚ ግን የሚያስቆምሽ ወረቀቱን አለማንበብ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ይህ አሰጣጥ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላስታውስሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሎምፒክ በጥንዶች ውድድር ሩሲያውያኑ ኤሌና ቤሬዥናያና አንቶን ሲካሩሊድዜ ካናዳውያኑን ጄሚ ሳሌንና ዴቪድ ፔልቲዬን 5 ለ 4 በሆነ የዳኞች ድምፅ አሸነፉ። ወዲያው ፈረንሳዊቷ ዳኛ ጫና ተደርጎብኛል አለች፤ ቆየት ብላ ደግሞ ቃሏን አጠፈች። ዓለም ተንጫጫ። በመጨረሻ ለካናዳውያኑም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጣቸው። የዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር ከዚህ ቅሌት በኋላ ነው የ6.0ን አሰጣጥ ጥሎ በ2004 አዲሱን ያጸደቀው። የመጣው አንጋፋዎችን ለማባረር አልነበረም፤ የዳኞችን እጅ ለማሰር ነበር።

ልዩነቱን እኛ በተማርንበት መንገድ ላስረዳሽ። ድሮ መምህሩ ድርሰትሽን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አንድ ውጤት ይጽፍበት ነበር። ጽሑፍሽ ካማረ፣ ሐሳብሽ ከፈሰሰ፣ ሁለት የፊደል ግድፈት ያልፍልሻል። አዲሱ ግን የሒሳብ ፈተና ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ነጥብ አለው፤ ግማሽ የሠራሽው ግማሽ ያገኛል፤ ያልሠራሽው ባዶ ነው። አንቺ በድርሰት ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ። በ6.0 ጊዜ ዳኛው ከሌሎቹ ጋር እያነጻጸረ ነበር ቦታሽን የሚወስነው፤ ፍሰትሽና ሙዚቃውን መስማትሽ ዝላይሽ ላይ ያለውን ጉድለት ሸፍኖልሽ ኖሯል። አሁን ጉድለቱ ለብቻው ተቆጥሮ ይጻፋል።

ይህ የደረሰው በአንቺ ብቻ አይደለም። በማርች 2005 ሞስኮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የሆነውን ልንገርሽ፤ ለአንቺ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ሚሼል ክዋንን ታውቂያታለሽ። አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ናት። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ዘጠነኛውን የአሜሪካ ሻምፒዮናነቷን ወስዳለች፤ ያ ውድድር ገና በ6.0 ነበር የተዳኘው። ከሁለት ወር በኋላ ሞስኮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ አሰጣጥ ተመዘነች። አራተኛ ወጣች። ከ1995 ወዲህ ከዓለም ሻምፒዮና ያለ ሜዳሊያ ስትመለስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ብዙ ሰው «አዲሱ አሰጣጥ ሚሼልን ጣላት» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከአዲሱ አሰጣጥ ጋር በዓለም ሻምፒዮና የተገናኘችው አንዴ ብቻ ነው። ያስቆማት የሰውነት ጉዳት ነው። በቀጣዩ ዓመት ቶሪኖ ኦሎምፒክ ድረስ ሄዳ ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ሕመሙ ስለባሰባት ሳትወዳደር ተመለሰች። ለአዲሱ ሚዛን የተሠራች ሚሼል ምን ልትሆን እንደምትችል ሳናይ ቀረን። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

እዚያው ሞስኮ ውስጥ ሌላ አንጋፋ ነበረች፤ ጃፓናዊቷ ሺዙካ አራካዋ። ከአንድ ዓመት በፊት በ2004 ዶርትሙንድ ላይ በድሮው አሰጣጥ የዓለም ሻምፒዮና ሆና ነበር። ሞስኮ ላይ ግን ዘጠነኛ ወጣች። ዘጠነኛ! ከአንደኛ ወደ ዘጠነኛ፣ በአንድ ዓመት። አንቺ ከሦስተኛ ወደ ስድስተኛ ወርደሽ ነው እንዲህ የከፋሽ፤ እሷ ምን ተሰምቷት እንደነበር አስቢው።

አራካዋ ምን አደረገች? አዲሱን ደንብ ተቀመጠችና አጠናችው። አሰልጣኝ ለወጠች። ሽክርክሪቶቿን ከፍተኛውን ደረጃ እንዲያገኙ አድርጋ እንደገና ሠራቻቸው። ከዚያ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2006 ቶሪኖ ላይ ሦስተኛ ሆና ወደ ረጅሙ ፕሮግራም ገባች። እዚያ ያደረገችውን ልብ በይ። ሦስት ዙር በሦስት ዙር አድርጋ ልትዘለው ያቀደችውን ጥምር ዝላይ ሦስት ዙር በሁለት ዙር አደረገችው። ቀነሰች ማለት ነው። የቀነሰችውን ግን በንጽህና አረፈችው። የሚበልጧት ሁለቱ፣ ሳሻ ኮኸንና ኢሪና ስሉትስካያ፣ ወደቁ። አራካዋ ወርቁን ወሰደች። በዚያ ኦሎምፒክ ጃፓን ያገኘችው ሜዳሊያ ያ አንድ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ወረቀት እንመለስ። አራካዋ ያደረገችውን አንቺም ማድረግ ትችያለሽ፤ ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው።

ሦስተኛው መስመር ላይ ደብል ሳልኮ፣ ማለትም ሳልኮ የሚባለው ዝላይ በሁለት ዙር፣ አለ። ከጎኑ ሁለት የቀስት ምልክት ተደርጎበታል። ይህ ማለት ዙሩ በጣም ስለጎደለ እንደ ነጠላ ሳልኮ ተቆጥሯል ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ሰንጠረዥ የደብል ሳልኮ መነሻ ነጥብ 1.30 ነው፤ የነጠላው 0.40 ብቻ። በዚያ ላይ ዳኞቹ ለጥራቱ አሉታዊ 4 ሰጥተውሻል። እያንዳንዱ እርከን ከመነሻው 10 በመቶ ስለሚቀንስ በእጅሽ የቀረው 0.24 ነው። ቪዲዮው ላይ አየሁት፤ ስታርፊ ጫማሽ ገና ወደ ፊት እያየ ነው፣ ቀሪውን ዙር በረዶው ላይ ነው የጨረስሽው። ከዚያ ሚዛን ለመጠበቅ ሌላኛው እግርሽን አስነካሽ። ፍጥነትሽም እዚያው ሞተ፤ ቀጥሎ ወዳለው ሽክርክሪት የገባሽው በግማሽ ጉልበት ነው።

አክስል የሚባለው ዝላይሽ ግን ያምራል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሠራሽው። ነጠላ አክስል መነሻው 1.10 ነው። በደብል ሳልኮው ቦታ ሁለተኛ አክስል ብታስገቢ፣ በዚያው ንጽህና ብታርፊው፣ በአንድ መስመር ብቻ 0.86 ነጥብ ታተርፊያለሽ። ደብል ሳልኮውን ተይው ማለቴ ነው። ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓመታት የለፋሽበት ዝላይ ነው። በልምምድ ላይ ዝለይው፣ ደስ ይበልሽ። በውድድር ግን አሁን ዕዳ ሆኖብሻል።

ቀጥሎ ሽክርክሪቱ። እግር የምትቀይሪበት ጥምር ሽክርክሪትሽ ምንም ደረጃ አላገኘም፤ መነሻው 1.70 ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛ ደረጃ ቢያገኝ 2.50 ነበር። እዚህ ላይ ቪዲዮውን ደጋግሜ ቆጠርኩ። ቁጢጥ ባልሽበት አቋም ስድስት ዙር ትዞሪያለሽ፤ ከዚያ ትነሻለሽ። በአንድ አቋም ሳትነሺ፣ እጅሽንም ሳትቀይሪ ስምንት ዙር ብትሞይ ግን ደረጃውን ከፍ የሚያደርግ አንድ ማስቆጠሪያ ይመዘገብልሻል። የቀረሽ ሁለት ዙር ነው! ይህ በአንድ ፕሮግራም አንዴ ብቻ ስለሚቆጠር ሌላውን ሽክርክሪት በዚህ አታድክሚው። ጭንሽም ከበረዶው ጋር ትይዩ እስኪሆን መውረድ አለበት፤ ከፍ ካለ አቋሙ ራሱ አይቆጠርም። ሁለተኛውን ማስቆጠሪያ ከአሰልጣኝሽ ጋር ምረጡ። በጫማሽ ስለት አንዱ ጠርዝ እየዞሩ ወደ ሌላው ጠርዝ መቀየር ነው ወይስ አስቸጋሪ የእጅና የትከሻ አቋም፣ የሚስማማሽን ሰውነትሽ ያውቀዋል። በአንዳንድ የአዋቂ ምድቦች የደረጃ ጣሪያ ስላለ የአንቺ ምድብ እስከ ስንት እንደሚፈቅድ ቀድማችሁ ደንቡን አረጋግጡ።

ሁለቱን ደምሪያቸው። ከዝላዩ 0.86፣ ከሽክርክሪቱ 0.80። ያለ አንድ አዲስ ዝላይ ነው ይህ ሁሉ። ከሦስተኛዋ ጋር የነበረሽ ልዩነት ሁለት ነጥብ አይሞላም። ዳኞቹ ለንጹሕ ሥራ የሚጨምሩልሽን ገና አልቆጠርኩትም።

ሉትዝ የሚባለውን ዝላይሽንም ልብ በይው። ከጎኑ የጠርዝ ስህተት ምልክት አለ። ከመነሳትሽ በፊት ጫማሽ ከውጭው ጠርዝ ወደ ውስጠኛው ይንሸራተታል። በድሮው ጊዜ ከሩቅ የተቀመጠ ዳኛ ላያየው ይችል ነበር፤ አሁን ካሜራው ያየዋል። የሚያስከፍልሽ ግን ጥቂት ስለሆነ ዘንድሮ ጊዜሽን እዚህ ላይ አትጨርሺ።

አሁን ወደ ስፓይራሉ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ይህ ነው። አሰልጣኝሽ ስለ ነጥቡ የተናገረችው ስህተት አይደለም፤ ስፓይራል ለብቻው አሁን ነጥብ የለውም። ይውጣ በማለቷ ግን አልስማማም። አራካዋ ኢና ባወር የሚባል እንቅስቃሴ ነበራት። አንዱን ጉልበት አጥፋ፣ ሁለቱን እግሮቿን ከፍታ፣ ጀርባዋን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ለጥጣ በረዶውን ታቋርጣለች። በአዲሱ ሰንጠረዥ ለዚያ እንቅስቃሴ የተመደበ ነጥብ አልነበረም። አላወጣችውም። በቶሪኖ የወርቅ ፕሮግራሟ ውስጥም አደረገችው። ሰው ዛሬም አራካዋን የሚያስታውሳት በእሱ ነው።

አንቺ ደግሞ ከእሷ የተሻለ መንገድ አለሽ። ኮሬዮግራፊክ ሲኩዌንስ የሚባለው የተያያዙ እንቅስቃሴዎች ክፍል በፕሮግራምሽ ውስጥ የሚፈቀድ ከሆነ ስፓይራልሽን እዚያ ውስጥ አስገቢው። ያ ክፍል ደረጃ የለውም፤ መነሻው ቋሚ ነው፤ ልዩነት የሚያመጣው ዳኞቹ ለጥራቱ የሚሰጡት ነው። አሁን ስፓይራልሽ የሚመጣው መጀመሪያ ላይ፣ ሙዚቃው ገና ሳይሞቅ ነው። ወደ መጨረሻው፣ ሙዚቃው ከፍ ወደሚልበት አምጪው። አሰልጣኝሽን «አናውጣው፣ ቦታ እንቀይርለት» በያት። ይህን አሳብ የምትጠላ አይመስለኝም።

«አራካዋ እኮ 24 ዓመቷ ነበር፣ እኔ 46 ነኝ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ዕድሜን ያውቃሉ። ግን ዲያና ስቴላቶ-ዱዴክን ተመልከቻት። በልጅነቷ በጉዳት አቁማ 16 ዓመት ከበረዶ ርቃ ተመለሰች። በ2024 ሞንትሪያል ላይ ከማክሲም ዴሻም ጋር በጥንዶች የዓለም ሻምፒዮና ስትሆን 40 ዓመቷ ነበር፤ ያውም በዚሁ አዲስ አሰጣጥ። አንቺ እንደ እሷ ትሆኛለሽ እያልኩሽ አይደለም። አሰጣጡ የልደት ቀን እንደማይጠይቅ ግን እሷን ያየ ሰው ይመሰክራል።

ስለ ባለቤትሽ። እሱ የተናገረው ስለ ነጥብ አይደለም፤ ስለ ጉልበትሽ ነው። አንቺ ግን ሁለቱን አንድ አድርገሽ የሰማሽው ይመስለኛል። ጉልበትሽ ስታርፊ የሚያምሽ ከሆነ፣ ደረጃ ስትወርጂ ወይም ሌሊት የሚጠዘጥዝሽ ከሆነ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ የስፖርት ሐኪም ጋ ሂጂ። ሐኪሙ አቁሚ ካለሽ እኔም አቁሚ እልሻለሁ። ያኔ የምታቆሚበት ምክንያት እውነተኛ ነው። ደብል ሳልኮውን መተውሽ ደግሞ ጉልበትሽ ላይ የሚወርደውን ዱላ ይቀንሳል፤ ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው። ወረቀቱንም አሳዪው። ከሰባት ሦስተኛ የሚለውን መስመር በጣትሽ ጠቁሚለት። ሚስቱ ተዋርዳ ስትመለስ ማየት የከበደው ሰው ሊሆን ይችላል፤ እንዳልተዋረድሽ እሱም ይወቅ።

ያሸነፉሽ ዘግይተው የጀመሩት ሴቶችም ቢሆኑ ከአንቺ ስለሚበልጡ አይደለም። በአዲሱ አሰጣጥ ነው የተማሩት። ፕሮግራማቸው ከመጀመሪያው ለእሱ ተሰፍቷል። ከመካከላቸው አንዷን ቡና ጋብዣትና ሽክርክሪቷን እንዴት እንደምትቆጥር ጠይቂያት። አንጋፋ ሆኖ ከታናሽ መጠየቅ ይከብዳል። ግን ይጠቅማል።

ኦበርስትዶርፍን በተመለከተ፦ ዘንድሮ አትሂጂ፤ ግን አትተይው። የዓለም አቀፉ ማኅበር የአዋቂዎች ውድድር እዚያ የተጀመረው በ2005 ነው። 28 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ተወዳዳሪዎች በዕድሜ ተከፋፍለው ነው የሚሰለፉት፤ ስለዚህ ከእኩዮችሽ ጋር ነው የምትወዳደሪው። አሰጣጡም ይኸው አዲሱ ነው። ያልተስተካከለ ፕሮግራም ይዘሽ ያን ያህል ገንዘብ ከፍለሽ ውቅያኖስ አታቋርጪ። ካጠራቀምሽው ላይ ለሁለት ነገር ብቻ ቀንሺ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙን እንደገና ለሚያቀናብርልሽ ባለሙያ። ሁለተኛ፣ ከውድድሩ በፊት ልምምድሽን አይቶ «ይህ ይቆጠራል፣ ይህ አይቆጠርም» የሚልሽ የቴክኒካል ፓነል ልምድ ያለው ሰው ለአንድ ሰዓት። ክለብሽን ብትጠይቂ ያገናኙሻል። ቀሪውን ገንዘብ አትንኪው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ይቆይ።